ከዚራ ያለው ማተሚያ ቤት ያወጣልኝ የኒውክላይድ ቻርት (ሪቪው)

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፣ ድሬ ውስጥ ለክፍል የሚሰቀል ትልቅ ቻርት ጥርት አድርጎ የሚያትም ቤት አለ፣ ፋይል ተሸክሞ አዲስ አበባ መሄድ ወይ ለዘመድ መላክ ምናምን አያስፈልግም። ከዚራ ነው ያለው፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ቅርብ፣ ባነር፣ ስቲከር፣ ማህተም የሚሰሩበት ጠበብ ያለ ቤት ነው። ባለቤቷ ስሙን ኢንተርኔት ላይ እንዳወጣው ስላልፈለገች አልጠራውም፣ የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ። ያሳተምኩት የኒውክላይድ ቻርት ነው፣ ለትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክበብ፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ስራውን በጣም ነው የወደድኩት፣ ለምን እንደወደድኩት ግን ቻርቱ ምን እንደሆነ ካላወራሁ አይገባችሁምና ታገሱኝ።

የኒውክላይድ ቻርት ፔሪዮዲክ ቴብል አይደለም፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ካርበን ያለችው አንድ ሳጥን ነው፣ እዚህ ግን ካርበን 12፣ ካርበን 13፣ ካርበን 14 የየራሳቸው ሳጥን አላቸው። ወደ ጎን ኒውትሮን ይቆጠራል፣ ወደ ላይ ፕሮቶን፣ እያንዳንዷ ሳጥን አንድ ኒውክለስ ናት፣ ማለትም አንድ አይነት የአቶም እምብርት፣ ከስሟ ጋር ያለው ቁጥር የፕሮቶኑና የኒውትሮኑ ድምር ነው። የማይፈርሱት 250 ገደማ ናቸው፣ እነሱ በጥቁር ይቀባሉ። እስካሁን የታዩት ሁሉ ተደምረው ከ3,300 ይበልጣሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የቲዎሪ ስሌት ደግሞ ሳይበተኑ ሊቆሙ የሚችሉትን ወደ 7,000 ገምቷቸዋል፣ እንግዲህ አስቡት፣ ግማሽ ያህሉን ገና ማንም አላየውም! ቀለሙ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፣ ጀርመኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚያሳትሙት የካርልስሩኸ ቻርት ላይ ሰማያዊ ማለት ቤታ ማይነስ ነው (ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲቀየር)፣ ቀይ ቤታ ፕላስ (ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ሲቀየር)፣ ቢጫ አልፋ (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ ሲተፋ)፣ አረንጓዴ በራሱ ጊዜ ለሁለት የሚሰነጠቅ፣ እኔም ይሄንኑ ቀለም ነው የተከተልኩት። ዳታውን ከአለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ የኦንላይን ቻርት ነው ያወረድኩት፣ በነጻ ነው፣ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ገብቶ ይየው።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይዤ ስሄድ ዲዛይነሩ ልጅ ከፈተውና “አቦ ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ምን ያደርግልሃል፣ የትምህርት ቤቱን ሎጎና የቀለም ማብራሪያውን እዚህ ቀኝ ታች ላስገባልህ” አለኝ (ድሬ ነዋ፣ አስተማሪ ነህ ተብሎ አንቱ የሚልህ የለም፣ ደስ ይላል)። በዲዛይን አይን ካየነው ልክ ነው፣ ቻርቱ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ በሰያፍ የሚወጣ ቀጭን መስመር ስለሆነ ከላይ በግራም ከታች በቀኝም ሰፊ ነጭ ይቀራል። ችግሩ ሁለቱ ነጮች አንድ አይደሉም። ከላይ በግራ ያለው ነጭ በአብዛኛው ምንም ሊኖር የማይችልበት ነው፣ ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፣ በቂ ኒውትሮን ሳይኖር ፕሮቶን ካበዛህ ኒውክለሱ ፕሮቶኑን ይተፋዋል። ከታች በቀኝ ያለው ግን ሌላ ነው፣ ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ብዙ ልትጨምር ትችላለህ፣ እስከ የት ድረስ ነው ለሚለው ግን ጠርዙ በሙከራ ተለክቶ የታወቀው እስከ ኒዮን ብቻ ነው፣ ማለትም እስከ 10 ፕሮቶን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ጃፓን ሪከን የሚባለው የምርምር ተቋም ላይ። ከዛ በላይ ላሉት፣ ለነ ፕላቲነም፣ ለነ ዩራኒየም፣ ጠርዙ የስሌት ግምት ነው። ስለዚህ ያ ቀኝ ታች ያለው ነጭ ሎጎ የሚለጠፍበት አይደለም፣ ያልተሰሩ ኒውክለሶች ሰፈር ነው፣ ቻርቱን ያሳተምኩትም በዋናነት ለሱ ስል ነው።

ይሄን ለልጁ በአጭሩ ስነግረው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ሎጎውንና ማብራሪያውን ወደ ላይ ግራ ወሰደውና ቀኝ ታች ያለውን እስከ ግምቱ ጠርዝ ድረስ በፈዛዛ ግራጫ ሞላው፣ ጠርዙን በተቆራረጠ መስመር አሰመረው፣ ከዛ ወዲያ ያለውን ብቻ ነጭ ተወው። እኔ ግራጫ አድርግልኝ አላልኩትም፣ ከራሱ ነው የመጣው! አሁን ተማሪ ከሩቅ ሲያየው “ያልታየ” እና “የሌለ” ተለይቶ ይታየዋል። ለዚህ ብቻ እንኳን ቤቱን ለሰው እመክራለሁ፣ ብዙ ቦታ ፋይል ሰጥተህ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁህ ነው የሚያትሙልህ።

የግራጫው ሰፈር ለምን ባዶ ቀረ የሚለውን ክበቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው። ከባድ ኒውክለስ ለመስራት ቀድሞ የሚታሰበው ሁለት ማዋሃድ ነው፣ ፊውዥን። ቻርቱ ላይ ጥቁሮቹን ተከትላችሁ ብትወጡ ግን መስመሩ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ካልሲየም 40 ላይ 20 ፕሮቶን 20 ኒውትሮን እኩል ነው፣ እርሳስ 208 ላይ ስትደርሱ 82 ፕሮቶን 126 ኒውትሮን ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ቀላሎችን ብታዋህድ ለከባዱ የሚበቃ ኒውትሮን ይዘው አይመጡም፣ ውጤቱ ኒውትሮን ያነሰው ጎን ላይ ያርፋል። ዱብና ያለው የኒውክሌር ምርምር ማእከል ውስጥ ያሉት ሩሲያኖች ለዚህ ብለው ነው በካልሲየም 48 የሚመቱት፣ 28 ኒውትሮን አለው፣ በተፈጥሮ ካልሲየም ውስጥ ግን 0.2 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ውድ ነው። በሱ ካሊፎርኒየም 249ን መትተው 118ኛዋን ኦጋኔሰንን አገኙ፣ እሷም 176 ኒውትሮን ብቻ ነው ያላት፣ ቲዎሪው ይረጋጋሉ የሚለው ደግሞ 184 አካባቢ ነው። ሁለተኛው መንገድ ፊሽን ነው፣ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ቁርጥራጮቹ ኒውትሮን የበዛባቸው ናቸው፣ ግን መሃል ላይ ነው የሚያርፉት፣ ማስ 95 እና 140 አካባቢ፣ እስከ እርሳስ ሰፈር አይደርሱም። ሶስተኛው ፍራግመንቴሽን፣ ጀርመን ዳርምሽታት ጂኤስአይ የሚባለው ላብ ላይ ከብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ በላይ የሚሄድ እርሳስ ወይ ዩራኒየም በቀጭን ታርጌት ላይ ይሰብራሉ፣ ብዙ አዲስ ኒውክለስ በዚህ ተገኝቷል፣ አይካድም። ግን ከእርሳስ 208 ተነስተህ 126ቱን ኒውትሮን ሳትነካ ፕሮቶን ብቻ ማራገፍ አለብህ፣ እያንዳንዱ ፕሮቶን በተራገፈ ቁጥር እድሉ እየመነመነ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ቻርቱ ላይ 126 የምትለዋን አምድ ይዛችሁ ከእርሳስ ወደ ታች ስትወርዱ ታሊየም፣ ሜርኩሪ፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያለ ኦስሚየም አካባቢ ሲደርስ ሳጥኖቹ ያልቁና ግራጫው ይጀምራል።

እኔን የሚማርከኝ አራተኛው መንገድ ነው፣ የትራንስፈር ሪአክሽን። ሁለት ከባድ ኒውክለሶችን እንዲዋሃዱ ሳይሆን እንዲነካኩ ነው የምታጋጫቸው፣ ፍጥነቱም ያን ያህል አይደለም፣ ከብርሃን ፍጥነት አንድ አስረኛ አካባቢ፣ የኤሌክትሪክ ግፊቱን አልፎ ለመነካካት የሚበቃ ያህል። ደንገጎ ላይ ከሀረር የሚወርድና ከድሬ የሚወጣ ሚኒባስ መስኮት ለመስኮት ተጠጋግተው እቃ ተቀባብለው ወዲያው በየመንገዳቸው ሲሄዱ አይታችሁ የለ፣ እንደዛ ነው፣ መሃላቸው አንገት የሚመስል ነገር ይፈጠርና ፕሮቶንና ኒውትሮን ወዲህና ወዲያ ያልፋል፣ ከዛ ይለያያሉ። ቆይታው የሴኮንድ ትሪሊየንኛ፣ የሱም ቢሊየንኛ አካባቢ ነው።

አሁን ቻርቱ ላይ ልጁ በወፍራም መስመር የከበባቸውን ሁለት ሳጥኖች እዩ፣ ዜኖን 136 እና እርሳስ 208። ዜኖን 54 ፕሮቶን 82 ኒውትሮን ነው ያለው፣ እርሳሱ 82 ፕሮቶን 126 ኒውትሮን። 82ም 126ም ማጂክ ነምበር ናቸው፣ ኒውትሮኑ ሼሉን (ኒውክለሱ ውስጥ ያለውን እርከኑን) ሞልቶ የተቀመጠበት፣ በቀላሉ የማይነቃነቅ። እርሳሱ ለዜኖኑ አራት ፕሮቶን ቢሰጠውና ኒውትሮኑ ባለበት ቢቀር እርሳሱ ፕላቲነም 204 ይሆናል፣ 78 ፕሮቶን ከ126 ኒውትሮን ጋር፣ ዜኖኑ ደግሞ ሴሪየም 140 ይሆናል፣ 58 ፕሮቶን ከ82 ጋር፣ እሱ ጥቁር ሳጥን ነው፣ የማይፈርስ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን የሞላ ሼሉን ሳይለቅ ነው ልውውጡ የሚያልቀው! የቲዎሪ ፊዚክስ ሰዎቹ ቫለሪ ዛግሬባየቭና ዋልተር ግራይነር እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ሃሳብ ተነስተው ነው ከዜኖንና ከእርሳስ ግጭት በ126 አምድ ላይ አዳዲስ ኒውክለስ ይገኛል ብለው ያሰሉት። ልጆቹን ወረቀት አስይዤ ቻርቱ ስር ቆመው በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የሚሰሩት፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፣ ሴሪየሙ ጥቁር ሆኖ ሲያገኙት የሚያሳዩት ፊት ነው እኔን እዚህ ስራ ላይ ያቆየኝ።

ሃሳቡ ከነሱ በፊትም ነበረ፣ ዱብና ውስጥ ቮልኮቭና ጓደኞቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ ኒዮን 22ን በቶሪየም 232 ላይ መትተው ኒውትሮን የበዛባቸው ቀላል ኢሶቶፖች አግኝተውበታል። ለከባዶቹ ግን ቆየ፣ ምክንያቱም ከግጭቱ የሚወጡት በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚበተኑት፣ ሁሉም አይነት ተደባልቆ፣ ትኩስ የሆኑት ደግሞ ኒውትሮን እያተነኑ የለፋህበትን ይቀንሱብሃል። የምትፈልገውን አንዷን ከዛ ሁሉ መሃል መለየት ነው ከባዱ። ፈረንሳይ ጋኒል የሚባለው ላብ ላይ ዜኖን 136ን በፕላቲነም 198 መትተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ውጤት ወደ ግራጫው እየገባህ በሄድክ ቁጥር ትራንስፈር ከፍራግመንቴሽን የተሻለ እንደሚያስገኝ አሳዩ። ጃፓኖቹ ደግሞ ኪስ የሚባል መሳሪያ ሰሩ፣ ሪከን ውስጥ ነው ያለው፣ የተበተኑትን ጋዝ የሞላበት ክፍል ውስጥ ያቆማቸውና ሰብስቦ ይለያቸዋል፣ ከዛ ለመብረር ከሚፈጅባቸው ጊዜ ተነስቶ ማሳቸውን ይለካል። በዚህ መንገድ ዩራኒየም 238ን በፕላቲነም 198 መትተው ከፕሮታክቲኒየም እስከ ፕሉቶኒየም የ19 ኢሶቶፖችን ማስ ለኩ፣ ከነሱ መሃል ዩራኒየም 241 ነበረች፣ ከዛ በፊት ማንም ያላያት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ታወጀች። ሳጥኗ ያለችበት ደግሞ ይገርማል፣ 240ም ይታወቃል፣ 242ም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይታወቃል፣ መሃል ላይ እሷ ብቻ እንደወለቀ ጥርስ ባዶ ነበረች። አሜሪካኖቹም አርጎን ናሽናል ላብ ላይ (ጋዙ አይደለም፣ የላቡ ስም ነው) ኤን 126 ፋክተሪ የሚሉት ለዚችው አምድ ብለው የሚሰሩት አላቸው።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ካላችሁ፣ ሀረር ጁገል ሂዱና የአደሬ ሴቶች ለሰርግ የሚያደርጉትን ወርቅ እዩ። ያ ወርቅ የተሰራው ግራጫው ውስጥ ነው። ኒውትሮን በበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ፣ ኒውክለሶች ኒውትሮን በኒውትሮን ላይ እየዋጡ በቻርቱ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ፣ 126 ላይ ሲደርሱ ሼሉ ስለሞላ ይዘገዩና እዛ ይከማቻሉ፣ ከዛ ሰማያዊዎቹን እየረገጡ በቤታ ማይነስ ወደ ላይ ግራ በሰያፍ አንድ አንድ ሳጥን ይመለሳሉ፣ ጥቁር ላይ ሲደርሱ ኦስሚየም፣ ኢሪዲየም፣ ፕላቲነም፣ ወርቅ ሆነው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ላይጎና ቪርጎ የሚባሉት የሞገድ መለኪያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት በግራቪቴሽናል ሞገድ ያዙት፣ ብርሃኑንም ቴሌስኮፖች አዩት፣ ከባድ ኤለመንቶች እዛ እንደሚሰሩ የሚያሳይ ነበር። ግን የትኛው ስንት እንደሚሰራ በትክክል ለማስላት የነዛን ያልታዩ ኒውክለሶች ማስና ሃፍ ላይፍ (ግማሹ ለመፍረስ የሚፈጅበትን ጊዜ) ማወቅ አለብን፣ ያንን ደግሞ ላብ ውስጥ ሰርቶ ከመለካት ሌላ እርግጠኛ መንገድ የለም።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ልመለስ። መጀመሪያ እኔ ባነር ነበር የጠየቅኩት ርካሽ ስለሆነ፣ ባለቤቷ ፋይሉን አይታ “ይሄ ጽሁፉ ደቃቅ ነው፣ ባነር ላይ ይደበዝዝብሃል፣ ስቲከር ላይ አትመን ፎም ቦርድ ላይ እንለጥፈው” አለችኝ፣ ልክ ነበረች። 3 ሜትሩ ላይ አንዷ ሳጥን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ናት፣ ውስጧ የኤለመንቱ ምልክት፣ ቁጥሩና ሃፍ ላይፉ አለ፣ ባነር ላይ ቢሆን ሃፍ ላይፉ አይነበብም ነበር። ዋጋው ከባነሩ ከፍ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ለትምህርት ቤት በጀት ከበድ ይላል፣ ግን ይገባዋል። ቦርዱ በአንድ ወጥ ስለማይመጣ ተከፋፍሎ ነው የሚለጠፈው፣ መገጣጠሚያው ላይ ሳጥኖቹ ልክ ለልክ ነው የገጠሙት፣ በጣት ስትዳስሰው ካልሆነ በአይን ብዙም አይታይም።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ታገልን። ስክሪን ላይ ሰማያዊ የነበረው ሲታተም ወደ ወይን ጠጅ ሄደ፣ እሱ ደግሞ ግራጫው አጠገብ ያለው የቤታ ማይነስ ሰፈር ስለሆነ ዋናው ነገር ነው። ልጁ ሳያማርር ትንሽ ትንሽ ናሙና እያተመ ከጎን ለጎን አስቀምጦ አስመረጠኝ፣ ለናሙናውም ሂሳብ አልጠየቁኝም። ማተም ከጀመሩ በኋላ ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት ቢቀጥልም ዩራኒየሞቹ ላይ አግድም ነጭ መስመር ጥሎ ነበር፣ እኔ ሳልናገር አይተውት ያንን ክፍል እንደገና አተሙት። የምቀንስባቸው ቀጠሮ ላይ ነው፣ ካሉኝ ቀን ዘግይተዋል፣ ስደውልም “ነገ ነገ” እያሉ ነበር፣ ለፕሮግራም የምታስቸኩሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ስጡ። ሌላው የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ለማንጠልጠያ ሲበሱት ኦጋኔሰንን ሊበሷት ነበር፣ ደርሼ አስቆምኳቸው፣ ጠርዝ ላይ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ቦታ ተዉ።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ላሚኔሽኑን ማት አስደርጉት፣ የሚያብረቀርቀው በድሬ ጸሃይ መስኮት ፊት ከሆነ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ምንም አያይም። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ፎቶ ከሆነ ሲለጠጥ ይፈረፈራል። በቀትር ሙቀቱ ስለሚከብድ ይዘጋሉ፣ አርብ ደግሞ ከጁምአ በኋላ ነው የሚከፍቱት፣ ጠዋት ብትሄዱ ልጁን ረጋ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ የምታሳትሙት ነገር ምን እንደሆነም ንገሩት፣ ይሰማል። የኔን ፋይል የሚፈልግ የድሬም የሀረርም የሐረማያም አስተማሪ ካለ በነጻ እልካለሁ፣ ዩራኒየም 241 ገብታበታለች።